ግማሹን ቡድን በትኖ 12 ለ 5፦ የዋሽንግተን ኮማንደርስን የ2024 ዓመት እንገምግመው

ላንዶቨር_ማታ

የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ (NFL) ፍጻሜ፣ ሱፐር ቦውሉ፣ አለቀ፣ ፊላደልፊያም ካንሳስ ሲቲን 40 ለ 22 ቀጥቶ ዋንጫውን ወሰደ። ከፍጻሜው በፊት በነበረው ጨዋታ በፊላደልፊያ የተሸነፍነው የእኛም ቁስል ትንሽ ጠገግ ብሏል። እስቲ አሁን ስለ ዋሽንግተን ረጋ ብለን እናውራ።

ምግብ ቤት ብትገቡ፣ መኪና ውስጥ ሬዲዮ ብትከፍቱ የሚወራው ስለ ኳርተርባካችን (ኳስ የሚያቀብለው የጥቃቱ መሪ) ጄይደን ዳንኤልስ ብቻ ነው። ልጁ ይገባዋል፣ አልከራከርም። በመጀመሪያ ዓመቱ 25 ታችዳውን (6 ነጥብ የሚያስገኝ ግብ) አቀብሏል፣ በእግሩ ደግሞ 891 ያርድ ሮጧል። ከጀማሪ ኳርተርባክ ይህን ያህል የሮጠ የለም። የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ መባሉም ማንንም አልገረመም። ግን በ2023 4 አሸንፎ 13 የተሸነፈ ቡድን በአንድ ልጅ ብቻ 12 ለ 5 (12 ድል፣ 5 ሽንፈት) አይሆንም።

እኔ ይሄ ዓመት የአዳም ፒተርስ ነው ባይ ነኝ። ሰውየው በጃንዋሪ 2024 ከሳን ፍራንሲስኮ መጥቶ ጀነራል ማናጀር ሲሆን የተረከበውን አስታውሱ። ኳርተርባኩ ሳም ሃወል በአንድ ዓመት 65 ጊዜ ሳክ ተደርጎ (ኳሷን ሳያቀብል ተጥሎ) 21 ኢንተርሴፕሽን የሰጠ (ኳሱ የተጠለፈበት)፤ በሁለቱም ከሊጉ አንደኛ። ዲፌንሱ (የመከላከሉ ክፍል) ከ32ቱ ቡድኖች ሁሉ ብዙ ነጥብ የተቆጠረበት። ተከላካዮቹ ሞንቴዝ ስዌትና ቼዝ ያንግ እሱ ሳይመጣ በፊት ኦክቶበር 31 ቀን፣ ሁለቱም በአንድ ቀን፣ ለሌሎች ቡድኖች ተሰጥተው ሄደዋል። ከዚያ በኋላ ሃወል ወደ ሲያትል፣ ኬንዳል ፉለር ወደ ማያሚ፣ ከርቲስ ሳሙኤል ወደ በፋሎ፣ ካምረን ከርል ወደ ራምስ። ቻርልስ ሌኖና ሎጋን ቶማስ ተሰናበቱ። በሴፕቴምበር ሜዳ ከገቡት 53 ሰዎች ከግማሽ በላይ አዲስ ነበሩ።

የመጡትን ተመልከቱ። ላይንባከሩ (የመሃል ተከላካይ) ቦቢ ዋግነር፣ 34 ዓመቱ፣ የአንድ ዓመት ውል። ጉልበቱ አልቋል የተባለው ዛክ ኧርትዝ፣ የአንድ ዓመት ውል፣ 7 ታችዳውን። ዳንቴ ፋውለር፣ የአንድ ዓመት ውል፣ 10.5 ሳክ። የሦስት ዓመት ውል የተሰጣቸው ደግሞ እንደ ፍራንኪ ሉቩ፣ ታይለር ቢያዳሽና ዶራንስ አርምስትሮንግ ያሉ ገና 30 ያልሞሉ ናቸው። ሽማግሌው በአጭር፣ ጎልማሳው በረጅም። ብዙዎቹ ደግሞ ከአሰልጣኞቹ ጋር ከድሮ የሚተዋወቁ ናቸው። ዋና አሰልጣኙ ዳን ክዊን ዋግነርን ከሲያትል፣ ቢያዳሽንና አርምስትሮንግን ከዳላስ ያውቃቸዋል። የጥቃት አሰልጣኙ ክሊፍ ኪንግስበሪ ኧርትዝን አሪዞና አሰልጥኖታል። ስለዚህ በጁላይ ልምምድ ሲጀመር ግማሹ ሰው ትምህርቱን ቀድሞ ያወቀ ነበር።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ ይደገማል ወይስ የአንድ ዓመት ብልጭታ ነው?

ፊሊ_ነኝ

«ረጋ ብለን እናውራ» ስትል ሳቄ መጣ። በእኛ በፊላደልፊያ 55 ለ 23 ከተሸነፈ ሰው ጋር ምን ረጋ ይባላል? ሯጫችን ሴኮን ባርክሌ ኳሷን መጀመሪያ ሲነካ 60 ያርድ ሮጦ ገባ። እኔ ገና ወንበር እየፈለግኩ ነበር።

ፒተርስህን ግን አንድ ነገር ጠይቅልኝ። ስዌትን ለቺካጎ ሰጥታችሁ ያገኛችሁት የሁለተኛ ዙር ድራፍት (ቡድኖች በየተራ አዳዲስ ተጫዋች የሚመርጡበት) ዕድል፣ 40ኛው፣ የት ደረሰ? ለእኛ ሰጣችሁት። እኛ ኩፐር ዲጂንን መረጥንበት። ዲጂን በልደቱ ቀን፣ ሱፐር ቦውል ላይ፣ የካንሳስ ሲቲውን ኳርተርባክ የማሆምስን ኳስ ጠልፎ ታችዳውን አስቆጠረበት። እጅግ እናመሰግናለን። ተቀባዩን ጃሃን ዳትሰንንም በኦገስት ልካችሁልን አሁን የሻምፒዮን ቀለበት ሊያጠልቅ ነው።

ላንዶቨር_ማታ

@ፊሊ_ነኝ ዋንጫ የወሰደ የፈለገውን ይላል፣ በል ተናገር። ግን ሒሳቡን ሙሉውን ንገራቸው። ከ40ኛው ጋር 78ኛውንና 152ኛውን ሰጥተን 50ኛውን፣ 53ኛውንና 161ኛውን ወስደናል። በ50ኛው ማይክ ሴንሪስቲል መጣ። ዲትሮይት ላይ በፕሌይኦፍ (በጥሎ ማለፉ ዙር) ሁለት ኳስ የጠለፈው እሱ ነው። ዓመቱን ሙሉ የሊጉን ረጃጅም ተቀባዮች በዚያ ቁመቱ ሲጠብቅ የከረመ ጀማሪ ነው። በ53ኛው የመጣው ቤን ሲኖት ግን እስካሁን ብዙም አልታየም፣ እሱን እቀበላለሁ።

ጋርላንድ_ቴክሳስ

እኔ የዳላስ ደጋፊ ነኝ፣ ስድብ ለመደብኝ፣ ቀጥሉ። ግን ይሄ «የዋሽንግተን ግንባታ» የምትሉት ነገር የእኛን ቤት ዕቃ በጋሪ ጭኖ መሄድ ነው። ዋና አሰልጣኙ ከእኛ፣ የዲፌንስ አሰልጣኙ ጆ ዊት ከእኛ፣ ሴንተሩ (ኳሷን የሚያስጀምረው ቢያዳሽ) ከእኛ፣ አርምስትሮንግ ከእኛ፣ ፋውለር ከእኛ፣ ኖዋ ብራውንም ጥንት የእኛ። እኛ 7 ለ 10 ሆነን አሰልጣኝ ስንቀይር እናንተ በእኛ ሰዎች ፕሌይኦፍ ገባችሁ።

ቢሆንም ኖቬምበር ላይ ስታዲየማችሁ ላንዶቨር ድረስ መጥተን 34 ለ 26 እንዳሸነፍናችሁ አትርሱ። ተቀባያችሁ ቴሪ መክሎሪን 86 ያርድ ሮጦ ሲገባ 21 ሰከንድ ቀርቶ ነበር። አንዲት ነጥብ፣ ተራ ኪክ፣ አስገብታችሁ እኩል መሆን። ኪከራችሁ (ኳስ መቺያችሁ) ሳይበርት ሳታት! ወዲያው የመታችሁትን ኦንሳይድ ኪክ (ኳሷን መልሶ ለመያዝ በአጭሩ የሚመታ) የእኛ ልጅ አንስቶ ቀጥ ብሎ ገባ። ያን ቀን ሳቄ ጎረቤት ቀስቅሷል።

እናት_ሮክቪል

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ለዚህ ስፖርት አዲስ ነኝ፣ የልጄ ዕዳ ነው። የ5 ቁጥር፣ የዳንኤልስን፣ ማሊያ ለብሶ ይተኛል። አንድ ያልገባኝን ጠይቄ ልውጣ። በድራፍት መጀመሪያ ዙር የመረጡትን ልጅ እንዴት ብለው በአንድ ዓመት ከምናምን ያባርሩታል? ብር አልከፈሉበትም? ልጄ ኢማኑኤል ፎርብስ ሲባረር አለቀሰ፣ ፊርማውን ይዞ ነበርና። እኔም ምን ብዬ ላስረዳው?

የካፕ_ሒሳብ

@እናት_ሮክቪል እህቴ፣ እንኳን ደህና መጣሽ። ጥያቄሽ የዚህ ክር ዋናው ጉዳይ ነው፣ ትንሽ ልዘርዝረው።

በአውሮፓ እግር ኳስ ሀብታም ክለብ የፈለገውን ይገዛል። እዚህ ግን በ2024 አንድ ቡድን ለተጫዋቾቹ በሒሳብ መያዝ የሚችለው ከፍተኛው 255.4 ሚሊዮን ዶላር ነበር፣ ለሁሉም እኩል። ጆሽ ሃሪስና ሸሪኮቹ ቡድኑን በ2023 በ6.05 ቢሊዮን ዶላር ቢገዙትም ከዚያ ጣሪያ በላይ አንድ ብር መጨመር አይችሉም። ስለዚህ ጨዋታው ጥሩ ተጫዋችን በርካሽ ማግኘት ነው። በርካሽ የሚገኘው ደግሞ በዋናነት በድራፍት ነው። ዳንኤልስ ሁለተኛ ሆኖ ተመርጦ የአራት ዓመት ውሉ በጠቅላላው 37 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ዳክ ፕሬስኮት ዳላስ ውስጥ በዓመት 60 ሚሊዮን ያገኛል። የሁለቱ ልዩነት ማለት የአንድ መስመር ሙሉ ተጫዋቾች ደመወዝ ማለት ነው። ዋግነር፣ ኧርትዝ፣ ፋውለር፣ ሉቩ የመጡት በዚያ ልዩነት ነው።

ፎርብስን በተመለከተ፦ ብሩ ተከፍሎታል፣ የመጀመሪያ ዙር ልጅ ውሉ ዋስትና ያለው ነው። ቡድኑ ሲያሰናብተው ያ የተከፈለው ገንዘብ ከጣሪያው ላይ እንደ ዕዳ ተቀናሽ ሆኖ ይቀራል፣ ሰውየው ሌላ ቦታ ሲጫወት ባሰናበተው ቡድን ላይ ይቆጠራል። ለዚህ ነው ብዙ ማናጀሮች የማይረባውን እንኳ ይዘውት የሚቆዩት። «ተሳስተናል» ላለማለትም ነው። ፒተርስ ግን ፎርብስን አልመረጠውም፣ የመረጡት ከሱ በፊት የነበሩት ናቸው። በ2023 በ16ኛው እሱን ሲወስዱ ክርስቲያን ጎንዛሌዝ ገና አልተመረጠም ነበር፤ ወዲያው በ17ኛው ኒው ኢንግላንድ ወሰደው። የዋሽንግተን ሰው ሁሉ ይሄን ሲሰማ ፊቱ ይከፋል። ፎርብስ ኖቬምበር 30 ቀን ተለቀቀ፣ ራምስ አነሱት። ለልጅሽ አሁን ሎስ አንጀለስ ነው በይው፣ ፊርማውን ይያዘው።

ላንዶቨር_ማታ

@የካፕ_ሒሳብ ዳትሰንንም ጨምርበት። የ2022 የመጀመሪያ ዙር ምርጫ ነበር። ውድድሩ ሊጀመር ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ያውም ለገዛ ተቀናቃኛችን፣ በአንድ የሦስተኛ ዙርና በሁለት የሰባተኛ ዙር ድራፍት ሰጡት፤ የእኛንም የአምስተኛ ዙር ጨምረው። ያን ቀን እኔም ተሳድቤያለሁ። ግን ከዚያ በኋላ የሆነውን እይ፦ ሂውስተን በመጨረሻው የስም ቅነሳ ኖዋ ብራውንን ጣለው፣ ፒተርስ በዚያው ሳምንት አነሳው። ኦክቶበር 27 ቺካጎ ላይ የመጨረሻዋን ኳስ የያዘው ይሄ የተጣለ ሰው ነው።

ያን ማታ ላንዶቨር ነበርኩ፣ ግን ስታዲየሙ ውስጥ ሳይሆን ውጪ፣ ኡበር ላይ። ቺካጎ 25 ሰከንድ ሲቀረው 15 ለ 12 ሲመራ ሰዉ መውጣት ጀመረ። አባትና ልጅ ገቡልኝ፣ ሁለቱም የቡርጋንዲ ማሊያ፣ አባትየው «ሂድ፣ ሂድ፣ ትራፊኩ ሳይዘጋ» ይላል። ሬዲዮው ተከፍቷል። ዳንኤልስ ጎድኑን ታሞ ነው የሚጫወተው፣ ኳሷን ይዞ ወደ 13 ሰከንድ ገደማ ወዲህ ወዲያ ሲሮጥ ተንታኙ ትንፋሽ አጠረው። የቺካጎው ታይሪክ ስቲቨንሰን ኳሱ ሲጀመር ጀርባውን ሰጥቶ በደጋፊው ላይ ሲያላግጥ ነበር፣ ሮጦ መጥቶ ኳሷን በእጁ ጨረፋት፣ ከኋላ ብቻውን የቆመው ብራውን እጅ ላይ ወደቀች። 18 ለ 15። መኪናው መስኮት ዝግ ሆኖ የስታዲየሙ ጩኸት ገባ። ልጁ አባቱን አንድ ቃል አልተናገረውም፣ ቤታቸው እስክንደርስ ዝም። ደህና ቲፕ ሰጠኝ ግን አባትየው።

ፊሊ_ነኝ

@ላንዶቨር_ማታ ሃሃሃ ያ ልጅ አሁንም አላናገረውም።

ጋሽ_አርሊንግተን

ልጆች፣ እንደምን ከረማችሁ። ብዙ ጊዜ አንብቤ እወጣለሁ፣ ዛሬ ግን ልጨምር።

እኔ በሱዳን በኩል መጥቼ ቨርጂኒያ ስገባ ጆ ጊብስ ነበር አሰልጣኙ። የፋብሪካ ባልደረቦቼ የያኔው ሜዳችን አርኤፍኬ ስታዲየም ወስደውኝ ወንበሩ ከሥሬ ሲዘል ቤቱ ሊናድ ነው ብዬ ነበር። ጃንዋሪ 1988 ዳግ ዊልያምስ ዴንቨርን በሁለተኛው ሩብ ብቻ 35 ነጥብ ሲያገባበት፣ 42 ለ 10 ሲያልቅ፣ ሱፐር ቦውል ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር ኳርተርባክ ሲሆን፣ እኛ ቤት ውስጥ ምን ዓይነት ደስታ እንደነበር ለእናንተ ማስረዳት ይከብደኛል።

ነገሬ ግን ሌላ ነው። ጊብስ ሦስት ዋንጫ ወሰደ፣ በሦስት የተለያዩ ኳርተርባኮች። ታይዝማን፣ ዊልያምስ፣ ሪፒየን። በየጊዜው ሰው እየቀያየረ ያሸነፈው ለምንድን ነው? ፊት ለፊት ያለው መስመር፣ ያ «ሆግስ» የሚባለው፣ ጸንቶ ስለቆመ ነው። ኋላ ያለው ይቀያየራል፣ ግንባሩ ግን መቆየት አለበት።

አሁን ያለውን መስመር እዩልኝ። በግራ ታክል (ኳርተርባኩን ከግራ የሚጠብቀው) ላይ የሦስተኛ ዙር ጀማሪ ብራንደን ኮልማን። በቀኝ አንድሩ ዋይሊ። ጋርዱ (ከታክሉ ወደ ውስጥ የሚሰለፈው) ሳም ኮዝሚ ዲትሮይት ላይ ጉልበቱ ተበጥሶ ወጣ። ዳንኤልስ ብዙ የሮጠው ስለሚወድ ብቻ አይደለም፣ ስለሚያባርሩትም ነው። በ2012 ሮበርት ግሪፈንን ለማምጣት ሦስት የመጀመሪያ ዙርና አንድ የሁለተኛ ዙር ምርጫ ከፍለን፣ ያም ልጅ የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ ተብሎ፣ በጃንዋሪ 2013 ላንዶቨር ላይ ሲያትል ሲገጥመን ጉልበቱ ሲታጠፍ አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ ያ ልጅ ያ ልጅ አልሆነም። ስለ ሽማግሌ ላይንባከር ስትከራከሩ እኔ የማስበው ስለ ግራ ታክል ነው።

የካፕ_ሒሳብ

@ጋሽ_አርሊንግተን ጋሼ፣ እጅ ነስቻለሁ። ያሉት ትክክል ነው፣ አንድ ልዩነት ግን አለ። ለግሪፈን የተከፈለው የሦስት ዓመት ድራፍት ቡድኑን ባዶ አድርጎት ነበር፤ ካልተሳሳትኩ፣ ያኔ ሊጉም ከጣሪያው ላይ 36 ሚሊዮን ዶላር ቀጥቶን ነበር። ለዳንኤልስ ግን ከራሳችን ሁለተኛ ምርጫ በቀር ምንም አልተከፈለም። ድራፍቱም ብሩም እጃችን ላይ ነው። ታክል የሚገዛበት አለ ማለቴ ነው።

ሲያትል_ዝናብ

ስለ ቦቢ ዋግነር ማንም በደንብ አልተናገረም፣ እኔ ልናገር፣ አሥር ዓመት አይቼዋለሁ። ሰውየው ከእንግዲህ አይፈጥንም፣ ታይት ኤንድ (ግዙፍ ተቀባይ) ተከትሎ ሲሮጥ እንደ ድሮው አይደለም። ግን ኳሱ ከመጀመሩ በፊት ያለችውን ጊዜ እዩ። አጠገቡ ያለውን ሉቩን በእጁ ይገፋዋል፣ «ወደዚህ»። ወደ ኋላ ዞሮ ለሴፍቲው (የመጨረሻው ተከላካይ) ሁለት ጣት ያሳያል። ተቃራኒው ኳርተርባክ ሲቀይር እሱም ይቀይራል። ሉቩ 8 ሳክ ያገኘው ለምን ይመስላችኋል? ከጎኑ ሌላው ሰው ሥራውን ስለሚያስብለት እሱ ዝም ብሎ ይወረወራል። ዋግነር 17ቱንም ጨዋታ ተጫውቷል፣ በ34 ዓመቱ። እኛ ሲያትል ሁለት ጊዜ ሸኝተነዋል፣ ሁለቱንም ጊዜ ቆጨን።

ጋርላንድ_ቴክሳስ

እሺ ዋግነር ይከበር። ግን ባርክሌ ያን ጊዜ የት ነበር ያለፈው? በመሃል ነው ያለፈው።

ሲያትል_ዝናብ

@ጋርላንድ_ቴክሳስ ባርክሌን ዘንድሮ ማን አቆመው? በመደበኛው ውድድር ከ2,000 ያርድ በላይ የሮጠ ሰው ነው። እናንተስ አቆማችሁት?

ቦሌ_ሌሊት

ሰላም ከአዲስ አበባ። እኔ ቨርጂኒያ ስምንት ዓመት ኖሬ ተመልሼ ነው፣ ቡድኑ ግን አብሮኝ መጣ። የዲትሮይት ጨዋታ እዚህ የጥምቀት ዕለት ነበር የዋለው፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት። ቤተሰቡ ለጃን ሜዳ ነጠላውን እያዘጋጀ እኔ ስልኬ ላይ አፍጥጬ። ዲትሮይት 15 ለ 2 ሆኖ የመጣ ቡድን ነው፣ ማንም ዕድል አልሰጠንም። ኩዋን ማርቲን የጃረድ ጎፍን ኳስ ጠልፎ 40 ያርድ ሮጦ ሲገባ ጮህኩ፣ እናቴ «በዚህ ሰዓት ምን ሆነ» ብላ መጣች። 45 ለ 31። ከዚያ ነጠላዬን አጣፍቼ ታቦት ልሸኝ ወጣሁ።

ማርቲን ደግሞ ፒተርስ ያገኘው ሳይሆን ያለፈው ማናጀር በ2023 ሁለተኛ ዙር ላይ የመረጠው ነው። መክሎሪን፣ ዳሮን ፔይን፣ ብራያን ሮቢንሰን፣ ኮዝሚም እንዲሁ። ትሬስ ዌይ ከ2014 ጀምሮ ፑንት (ኳሷን አርቆ ለተጋጣሚ መምታት) እየመታ ያለ ነው። «ሁሉን ጥሎ ከዜሮ ጀመረ» ሲባል ደስ አይለኝም። ሰውየው ያደረገው መምረጥ ነው። መክሎሪን በዚያ ሁሉ ዓመት የስንቱን ኳርተርባክ መጥፎ ኳስ ሲለቅም ኖሮ ዘንድሮ ጥሩ ኳስ ሲያገኝ 13 ታችዳውን አገባ።

ላንዶቨር_ማታ

@ቦሌ_ሌሊት ትክክል ነህ ወንድሜ። የቀሩትን መምረጥም ሥራ ነው።

ስለ መምረጥ ካነሳን የኪከሩን ነገር ሳላወራ አላልፍም፣ የዓመቱ ታሪክ እዚያች ውስጥ አለች። መጀመሪያው ሳምንት ታምፓ 37 ለ 20 አሸነፈን። ኬድ ዮርክ ሁለት ኪክ መትቶ ሁለቱንም ሳተ። በማግስቱ ተሰናበተ። ጄትስ የጣሉት ኦስቲን ሳይበርት በዚያው ሳምንት ተጠርቶ መጣ። እሑድ ከጃያንትስ ጋር 7 ፊልድ ጎል (በቋሚዎቹ መሃል ሲገባ 3 ነጥብ የሚያስገኝ ኪክ) መታ፣ 7ቱም ገቡ። አንድም ታችዳውን ሳናገባ 21 ለ 18 አሸነፍን። ጃያንትስ ሦስት ታችዳውን አግብተው ተሸነፉ! ምክንያቱም የእነሱ ኪከር ግራሃም ጋኖ ገና በመክፈቻው ተጎዳና ምትክ አልነበራቸውም፣ ከታችዳውን በኋላ ያለችውን ነጥብ የሚመታ ጠፋ።

ሳይበርት ቆይቶ ሲጎዳ ደግሞ ዜን ጎንዛሌዝ መጣ። ጃንዋሪ 12 ታምፓ ላይ፣ ሰዓቱ ሊያልቅ፣ 20 ለ 20። ኳሷ ቋሚውን መታች፣ ልቤ ቆመ፣ ወደ ውስጥ ገባች። ከጃንዋሪ 2006 ወዲህ የመጀመሪያው የፕሌይኦፍ ድል በሦስተኛው ኪከር ነው የመጣው።

ፊሊ_ነኝ

ኪከር እያሞገሳችሁ ተከላካዩን ማርሾን ላቲሞርን ዘለላችሁት። ኖቬምበር ላይ ከኒው ኦርሊንስ ለማምጣት የሦስተኛ፣ የአራተኛና የስድስተኛ ዙር ምርጫ ሰጣችሁ። ሃምስትሪንጉን (የኋላ ጭኑን) ታሞ መጣ፣ በመደበኛው ውድድር ሁለት ጨዋታ ብቻ ተጫወተ። «ፒተርስ አይሳሳትም» ለምትሉ ነው።

የካፕ_ሒሳብ

@ፊሊ_ነኝ ይሄ እውነት ነው፣ መልስ የለኝም። ዓመቱን ሙሉ በርካሽ እየገዛ ቆይቶ ሳይታሰብ ሲያሸንፍ ቸኮለ። ካሸነፍክ ደግሞ ርካሹ ዘመን ያልቃል፦ ዋግነር፣ ኧርትዝ፣ ፋውለር፣ ጄረሚ ቺን ሁሉም ውላቸው በማርች ያልቃል። ዓምና የመጡት ሊያንሰራሩ ነበር፣ ዘንድሮ ዋጋ ይጠይቃሉ። አራተኛ ዳውን (ኳሷን ሳያጡ የመጨረሻው ሙከራ) ላይም ከ23 ሙከራ 20 መሳካቱ በየዓመቱ የሚገኝ አይደለም። ስለዚህ ለላንዶቨር ጥያቄ የእኔ መልስ፦ ቡድኑ ጥሩ ይሆናል፣ 12 ግን ይከብዳል።

ጋርላንድ_ቴክሳስ

ተከላካዩ ጆናታን አለን ምን ይሆናል? በኦክቶበር የደረቱ ጡንቻ ተበጥሶ ዓመቱ አለቀ ተብሎ፣ ተመልሶ መጣ። የሚቀረው አንድ ዓመት ነው።

ቦሌ_ሌሊት

አለንን አትንኩብኝ። አሽበርን ያደገ ልጅ ነው፣ ቡድኑ የሚለማመድበት ከተማ። በ2017 ከተመረጠ ጀምሮ በዚያ ሁሉ ውርደት ውስጥ አልሄደም። ሰው በስንት ጊዜው ያሸነፈበት ዓመት ሲመጣ ይባረራል?

የካፕ_ሒሳብ

@ቦሌ_ሌሊት ይባረራል። ከ15 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያስቀራል። ልቤም አዝኗል።

*(ክሩ በማርች 2025 እንደገና ተከፈተ)*

ላንዶቨር_ማታ

እንግዲህ ይኸው። አለን ተሰናበተ፣ ሚኒሶታ ገባ። በሱ ቦታ ጃቮን ኪንሎ ከጄትስ በሦስት ዓመት 45 ሚሊዮን። ብዙ ነው፣ በጣም ብዙ። ዋግነርና ኧርትዝ ለአንድ ዓመት ተመለሱ። ተቀባዩ ዲቦ ሳሙኤል ከሳን ፍራንሲስኮ በአንድ የአምስተኛ ዙር ምርጫ ብቻ መጣ። ትልቁ ግን ላሬሚ ተንሲል ነው፣ ከሂውስተን፣ ግራ ታክል! @ጋሽ_አርሊንግተን ጋሼ፣ ሰምተውዎታል መሰለኝ።

ጋሽ_አርሊንግተን

እግዚአብሔር ይስጣቸው። ልጁ ኃይለኛ ነው። ፎልስ ስታርት ያበዛል ይሉታል፣ አይቼዋለሁም፣ ኳሱ ሳይጀመር ይንቀሳቀሳል። አምስት ያርድ ወደ ኋላ ቢመልሰን ይሻለኛል ዳንኤልስ በቃሬዛ ከሚወጣ። ኮልማን ወደ ውስጥ፣ ጋርድ ላይ ይገባል ብዬ አስባለሁ፣ ኮዝሚ እስኪሻለው።

ጋርላንድ_ቴክሳስ

ፋውለር ወደ ቤቱ ተመልሷል፣ አይታችኋል? 10.5 ሳኩን ይዞ መጣ። አሠልጥናችሁ ስለላካችሁልን ዳላስ ያመሰግናል።

የካፕ_ሒሳብ

ጣሪያው ለ2025 279.2 ሚሊዮን ሆኗል፣ ስለዚህ ተንሲልም ዲቦም ይገባሉ፣ ችግር የለም። እኔን የሚያሳስበኝ ቴሪ መክሎሪን ነው። የመጨረሻ ዓመቱ ላይ ነው፣ አዲስ ውል አልተፈረመም፣ በሴፕቴምበር 30 ይሞላዋል። ፒተርስ ለ30 ዓመት ሰው ረጅም ውል እንደማይወድ ዓምና አሳይቶናል።

ቦሌ_ሌሊት

ለቴሪ ይክፈሉት እንጂ! ሌላውን ሁሉ ከዚያ በኋላ እንከራከራለን።